የድኅረ ምረቃ ትምህርት በደረጃ ሰንጠረዥ ይመረጣልን?
(ስለ ፊዚክስና ሥነ ፈለክ)

በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወጣት በውጭ አገር ትምህርቱን ለመቀጠል ሲያስብ ምክር የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ የቀድሞ መምህሩን ነው። መምህሩም የዩኒቨርሲቲዎችን ዓለም አቀፍ የደረጃ ሰንጠረዥ ያሳየዋል። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም፣ ሰንጠረዡ የሚለካው ሌላ፣ ተማሪው ሊያውቀው የሚገባው ሌላ መሆኑ ሳይስተዋል ይቀራል።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚወጣውን የሻንጋይ ሰንጠረዥ ለአብነት መመልከት ይቻላል። በአጠቃላይ ደረጃው ከመቶ 30 ነጥብ የሚሰጠው ለኖቤልና ለፊልድስ ሽልማቶች ነው፤ 10 ነጥብ ተሸላሚ ለሆኑ የቀድሞ ተማሪዎች፣ 20 ነጥብ ተሸላሚ ለሆኑ መምህራን። የመምህራኑ ነጥብ የሚታሰበው በተሸለሙበት ጊዜ ይሠሩበት ለነበረው ተቋም በመሆኑ፣ ሊቁ ቦታውን ቢለቅም ሆነ ቢሞት ነጥቡ ከተቋሙ አይወሰድም። ሽልማቱ በቆየ ቁጥር ክብደቱ እንዲቀንስ መደረጉ ጉድለቱን ያቃልላል እንጂ አያስወግደውም። ከጀመሩት ተማሪዎች ምን ያህሉ እንደጨረሱ፣ አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ የሚገልጽ መለኪያ ግን አንድም የለም። ሰንጠረዡ መጀመሪያ የታሰበው የቻይና ዩኒቨርሲቲዎችን ከዓለም ታላላቅ ተቋማት ጋር ለማነጻጸር ስለነበር፣ ስሕተቱ ከአዘጋጆቹ ይልቅ ያለ ቦታው ከሚጠቀሙበት ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የዶክትሬት ፕሮግራሞች ግምገማ ፊዚክስንና ሥነ ፈለክን ለየብቻ ከመመዘኑም በላይ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሳይሆን «ከዚህ እስከዚህ» የሚል የደረጃ ክልል ሰጥቷል። ሰፊ መረጃ የሰበሰበው አካል ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ መካሪው የበለጠ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ታዲያ ምን ይጠየቅ? በመጀመሪያ ሥርዓቱ። በብሪታንያ አመልካቹ ብዙውን ጊዜ የምርምሩን ርእስና አማካሪውን አውቆ ይገባል። በአሜሪካ ግን በመጀመሪያ ኮርስ ወስዶና ፈተና አልፎ አማካሪ የሚያገኘው ዘግየት ብሎ ስለሆነ፣ በሚፈልገው ዘርፍ አንድ ሳይሆን ሁለት ሦስት አማካሪዎች መኖራቸውን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ሁለተኛው መሣሪያ ነው። በሃዋይ ማውና ኬአ ተራራ ላይ በሚገኙት ሁለቱ ባለ 10 ሜትር የኬክ ቴሌስኮፖች ከፍተኛው የምልከታ ጊዜ የተመደበው ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና ለካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ይህን የመሰለ ዕድል ከደረጃ ቁጥር አይነበብም። ሦስተኛው መተዳደሪያ ነው፤ ክፍያው በረዳት መምህርነት ነው ወይስ በምርምር ረዳትነት? ለስንት ዓመትስ የተረጋገጠ ነው?

ለዕቅድ አውጭዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ ምሩቁ ሲመለስ በምን ይሠራል? በእንጦጦ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር መስተዋት ናቸው። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብትን ለወራትና ለዓመታት መከታተል ይቻላል፤ ጊዜያቸው የተጣበበ ታላላቅ ቴሌስኮፖች ይህን አዘውትረው ሊያደርጉት አይችሉም። በዚህ ሙያ የሠለጠነ ምሩቅ ሲመለስ ሥራ ይጠብቀዋል፤ በግዙፍ መሣሪያ ብቻ የሠለጠነው ግን እንደገና ወደ ውጭ ማማተሩ አይቀርም።

አንድ ዶክትሬት አምስትና ስድስት የወጣትነት ዓመታት ይወስዳል። ይህን ያህል ዕድሜ የሚያስከፍል ምርጫ ለአንድ የደረጃ ቁጥር መተው የለበትም።