በዕድሜ የሚመጣ የመስማት መቀነስ፦ ባትሪው ወይስ ፀጉራማው ሕዋስ?

ሃሮልድ ሹክኔክት እ.ኤ.አ. በ1964 በዕድሜ የሚመጣውን የመስማት መቀነስ በአራት ከፍሎ ያቀረበበት ምደባ ለብዙ ዓመታት ከመማሪያ መጻሕፍት አልወጣም። ከአራቱ መካከል ዋነኛ ተደርጎ የተወሰደው የስትሪያ ቫስኩላሪስ መመንመን ነበር። ይህ ሕብረ ሕዋስ ፖታሲየምን ወደ ኢንዶሊምፍ በመግፋት 80 ሚሊቮልት ገደማ የሚደርስ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ በመሆኑ የኮክሊያ ባትሪ ይባላል። ኦዲዮግራሙ በሁሉም ድግግሞሽ እኩል ከወረደ ስትሪያው፣ በከፍተኛ ድግግሞሽ ላይ ብቻ ካሽቆለቆለ ፀጉራማው ሕዋስ ተጎድቷል እየተባልን ተምረናል። ለፈተና የሚመች ትምህርት ነበር።

ዉ፣ ሊበርማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 በጆርናል ኦፍ ኒውሮሳይንስ ያወጡት ጥናት ይህን ምደባ አናግቶታል። ተመራማሪዎቹ ከአስከሬን የተወሰዱ 120 ውስጣዊ ጆሮዎችን መርምረው፣ የቀሩትን ሕዋሳት ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ከተነሡት ኦዲዮግራም ጋር አነጻጽረዋል። የመስማት መቀነሱን መጠን ከሁሉ ይልቅ ያመለከተው የፀጉራማ ሕዋሳት መጥፋት ሲሆን፣ የስትሪያው መመንመን ድርሻ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

የጥናቱ ጥንካሬ በአይጥ ሳይሆን በሰው ጆሮ ላይ መሠራቱ ነው። ሆኖም ባትሪውን ፈጽሞ ነፃ ለማውጣት አይበቃም። በአስከሬን ላይ የስትሪያው መጠን ይለካል እንጂ በሕይወት ሳለ ያመነጨው የነበረው ሚሊቮልት አይለካም፤ በጸጥታ ባደጉ ጀርቢሎች ይህ ኃይል በዕድሜ እንደሚቀንስ ደግሞ ቀደም ብሎ ታይቷል። የሰው ጆሮ ጉዳት በቤተ ሙከራ ካረጁ እንስሳት የከፋ ሆኖ መገኘቱን ተመራማሪዎቹ በዕድሜ ዘመን ከተጠራቀመ ከፍተኛ ድምፅ ጋር ማያያዛቸው አሳማኝ ነው። ይሁን እንጂ ንጽጽሩ ከዝርያ ወደ ዝርያ የሚሻገር በመሆኑ ድምፅን ብቸኛ ተጠያቂ አያደርግም።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ዳኛ ሆኖ የቀረበው ኦዲዮግራም መሆኑ ነው። ኩጃዋና ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ከከፍተኛ ድምፅ በኋላ የመስማት ደረጃው ወደ ነበረበት ቢመለስም በውስጠኛው ፀጉራማ ሕዋስና በነርቩ መካከል ካሉት ሲናፕሶች ግማሽ ያህሉ ሊጠፉ ይችላሉ። «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» የሚሉን አባቶችና እናቶች ችግር በከፊል እዚህ ሊሆን ይችላል፤ በጸጥታ ክፍል የተነሣ ኦዲዮግራም ግን ይህን አያሳይም።

የሰው ፀጉራማ ሕዋሳት በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ገደማ ናቸው፤ የሞቱትን የሚተካ የለም። (ወፎች እንደሚተኩ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል።) ስለዚህ ጥናቱ በከፊል እንኳ ትክክል ከሆነ፣ በካርድ ላይ «እርጅና ነው» ብሎ መዝጋት ምርመራን ሳይጀምሩ ማቆም ነው። ሰውዬው በወፍጮ ቤት ስንት ዓመት ሠራ? ለሳንባ ነቀርሳ ስትሬፕቶማይሲን ወይም ካናማይሲን ተወግቶ ያውቃል? እነዚህ መድኃኒቶች ከኮክሊያው ሥር ጀምረው የውጨኛዎቹን ፀጉራማ ሕዋሳት ስለሚገድሉ፣ የሚተዉት ኦዲዮግራም ከእርጅናው ጋር በቀላሉ ይምታታል።