ፓምፑ ከመከሰሱ በፊት

ደብረ ማርቆስ ጋራዥ አፍልቶ የሚገባ መኪና ብዙ ጊዜ የአባይን በረሃ ተሻግሮ የመጣ ነው። ከጎሃ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ቁልቁለቱን ሞተሩ እያረፈ ይወርደዋል፤ ከድልድዩ በኋላ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ፣ በከባድ ማርሽ፣ በዚያ ሙቀት ይጎትታል። መኪናው ስለሚያዘግም ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስ የለም። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያተርፉት የውሃ ፓምፑና ፋኑ ናቸው።

ሾፌሩም ይህን ያውቃልና ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ፓምፑን ቀይርልኝ» ይላል። እኔ ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የማየው የራዲያተሩን ክዳን ነው።

ማርቆስ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። የብዙ መኪና ቴርሞስታት የሚከፈተው በ82 ወይም በ88 ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ እንግዲህ፣ ጤነኛ ሞተር እንኳ ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ነው። ጎማውና ሞላው ደህና የሆነ፣ አናቱ ላይ 0.9 የተጻፈበት ክዳን ያንኑ ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ያቆየዋል። ግፊት ሲጠፋ ፓምፑ ራሱ ይጎዳል፦ በሚስብበት በኩል አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ክንፉ ላይ እየፈነዳ ብረቱን ይበላዋል። የፈታሁት ፓምፕ ክንፉ ምስጥ የበላው እንጨት ከመሰለ፣ ክዳኑን ሳልቀይር አዲስ ፓምፕ አላስርም።

ከዘንጉ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ካንጠባጠበች ግን ጥፋቱ የፓምፑ ነው፤ ውሃውን የሚያግደው ሲል አልቋል። ቀዳዳዋ የተሠራችው ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ሳይገባ ወደ ውጭ እንዲወርድ ነው። በሲሊኮን የሚደፍኗት አሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ውሃው ኩሽኔታውን ይገድለዋል፤ ፋኑ ከፓምፑ ዘንግ ጋር የታሰረበት መኪና ላይ ደግሞ ዘንጉ ሲወላገድ ፋኑ ራዲያተሩን ይቀደዋል።

መፍታትና ማሰሩ ቀላል ነው። ጊዜ የሚበላው የሚጋጠመውን ፊት ማጽዳት ነው፤ አሮጌው ጋስኬት ተጣብቆ ይቀራል፣ አሉሚኒየም ደግሞ በቀላሉ ይጫራል። ሲሊኮን ካስፈለገም በስሱ ይቀባል፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ገብቶ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ፣ ፊት ለፊት እያቀያየሩ ቀስ በቀስ ማጥበቅ ነው። ቺንጋውንም ከልክ በላይ መወጠር አዲሱን ኩሽኔታ በአጭር ጊዜ ያበላሸዋል። በመጨረሻ አየሩ ይወጣል፦ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ አድርጎ፣ የውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ ማስነሳት። ማርቆስ ላይ ለዚህ የሚሆን ዳገት አይጠፋም።

ሾፌሮች ሆይ፣ የወንዝ ውሃ አትጨምሩ፤ አፈሩ ሲሉን ይፍቀዋል፣ ማዕድኑ ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ወደ አባይ ከመውረዳችሁ በፊት፣ ማለዳ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ጎማውን እዩት። ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን ፈጽሞ አትንኩት።