የሚያፈስ ግድብ

የቆየ ኮንክሪት ግድብ ስፈትሽ ሥራዬን የምጀምረው ከግርጌው ነው። ኃላፊዎች ሲመጡ ከላይ ቆመው ሐይቁን ያያሉ፣ ፎቶም እዚያው ይነሳሉ። እኔ የምፈልገው ወሬ ግን ያለው ከታች፣ በደረቁ በኩል ነው።

የአካባቢው ሰው «ግድባችን ያፈሳል» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጨርሶ የማያፈስ ግድብ አላየሁም። እነዚህ ግድቦች የሚቆሙት በክብደታቸው ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2,400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ያንኑ ያህል ውሃ ግን 1,000 ኪሎ ነው። ችግሩ የሚመጣው ውሃው በስንጥቅ ወይም በመሠረቱ ሥር ሰርጎ ግድቡን ወደ ላይ ሲገፋው ነው፤ ያን ጊዜ ክብደቱ እንደተቀነሰ ይቆጠራል። ፈረንሳይ ውስጥ የቡዜ ግድብ በ1895 እ.ኤ.አ. ተደርምሶ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው መሐንዲሶች ይህን ግፊት የምር ማስላት የጀመሩት። የማንጠፍጠፊያ ቀዳዳዎች የሚበሱትም ለዚሁ ነው፦ ሰርጎ የገባው ውሃ ሳይገፋ እንዲወጣ። ስለዚህ ለዓመታት ሲያንጠባጥብ የኖረ ቀዳዳ ሐይቁ ሳይጎድል በድንገት ቢደርቅ ደስ አይለኝም። ከኮንክሪቱ እየታጠበ የሚወጣው ኖራ አፉ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ ቀዳዳውን የሚደፍነውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ፍሳሹን የምንለካው በቪ ቅርጽ በተቆረጠ ላሜራ ላይ እንዲያልፍ አድርገን ነው። ዘጠና ዲግሪ በሆነ ቁርጥ ላይ ውሃው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ በሰከንድ 0.8 ሊትር ያህል ያልፋል። 10 ሲደርስ ግን እጥፍ አይሆንም፣ ወደ 4.4 ሊትር ይጠጋል። አንድ ሳንቲ ሜትር አሳንሶ ያነበበ ዘበኛ ብዙ ውሃ ይሰውራል። የዚያን ቀን የሐይቁ ከፍታ አብሮ ካልተጻፈ ደግሞ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ከመጠኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ መልኩ ነው፤ ጠርቶ ይፈስ የነበረው ውሃ ከደፈረሰ ከሥር አፈር እየወሰደ ነውና።

ሐይቁ ውስጥ የሚከማቸው ደለልም የራሱ ጣጣ አለው። በ1930ዎቹ ዓ.ም. ተሠርቶ፣ የለገዳዲ ግድብ ሳይመጣ አዲስ አበባን ያጠጣ የነበረው የገፈርሳ ግድብ፣ ደለል የሚያስቀርለት ሌላ ግድብ ከበላዩ ተጨምሮለታል። ትንንሾቹ ግድቦች ይህን ዕድል አያገኙም፤ የታችኛው ቫልቫቸውም ለዓመታት ሳይከፈት በጭቃ ይዋጣል።

የጥገና ገንዘብ ሲገኝ ታዲያ መጀመሪያ የሚታሰበው ደረቁን ፊት በሲሚንቶ መለሰን ነው። ያምራል፣ ለምርቃትም ይመቻል። ውሃውን ግን ግድቡ ውስጥ ይቋጥረዋል። መታሸግ ያለበት በሐይቁ በኩል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሐይቁ ዝቅ ማለት አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ ይህን የሚፈቅድ ከንቲባ ከየት ይገኛል?