ክታቡና ሹራቡ፤ ስለ ኤሪክ ሮሜር የትዳር ፊልም

የሰው ልብ ከቤቱ ሳይወጣ ብዙ አገር ይዞራል። ባል ከሚስቱ አጠገብ ተቀምጦ በአሳቡ ከሌላዪቱ ጋራ ይሄዳል፤ ይህንንም ሽማግሌ አያየውም፥ ዳኛም አይፈርድበትም። ፈረንሳዊው ኤሪክ ሮሜር በ1964 ዓ.ም. ያወጣው «ፍቅር ከቀትር በኋላ» የተባለው ፊልም የሚመረምረው ይህን ስውር መንገድ ነው። «የግብረ ገብ ተረቶች» ተብለው ከተሰየሙት ስድስት ሥራዎቹም የመጨረሻው ነው።

ባልዮው ፍሬዴሪክ ይባላል፤ በፓሪስ ቢሮ አለው። ሚስቱ ኤሌን የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። አንድ ልጅ አላቸው፥ ሁለተኛውም ይወለድላቸዋል። በቤታቸው ጠብ የለም፥ ማጣትም የለም፤ ነገር ግን ከቀትር በኋላ ያለው ሥራ ፈት ሰዓት ለባልዮው አሳብ በር ይከፍትለታል። አንድ ቀን ቡና ቤት ተቀምጦ፥ የሴትን ሁሉ ፈቃድ የሚያስጥል ክታብ በአንገቱ እንዳሰረ በቁሙ ያልማል።

የጎንደር አራዳ አንባቢ በዚህ ስፍራ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ስለ መስተፋቅር የሚወራውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታልና። የተማረው የፓሪስ ሰውም የሚመኘው ያንኑ ነው፤ ይኸውም ሳይደክሙ መወደድን። ሮሜር ግን ፍርዱን ወዲያው ይሰጣል፤ በሕልሙ እንኳ የመጨረሻዪቱ ልጃገረድ እምቢ ትለዋለች።

ከዚህ በኋላ እውነተኛው ፈተና ይመጣል። ክሎዌ የምትባል፥ የቀድሞ ባልንጀራው ፍቅረኛ የነበረች ሴት ቢሮው ድረስ ትመጣለች። ነገሩ በወግ ይጀመራል፤ እያደር ግን ከእርሱ ልጅ መውለድ እንደምትሻ ትነግረዋለች። በመጨረሻም ከቤትዋ ገብቶ ሹራቡን ሊያወልቅ በራሱ ላይ ሲስብ፥ መልኩን በመስተዋት ያያል። ይህም ቀድሞ በቤቱ ልጁን ለማሣቅ ሹራቡን በራሱ ላይ አጥልቆ ሲጫወት ያሳየው መልክ ነው። ወዲያው ሳይሰናበት በደረጃው ይወርዳል። ዮሴፍ ልብሱን ጥሎ ሸሸ፤ ፍሬዴሪክ ግን ልብሱን መልሶ ለብሶ ሸሸ።

የፊልሙ ታላቅነት በዚህ ነው። ባልዮውን የመለሰው ስብከት ወይም የሰው ፍርሃት ሳይሆን፥ ማንም የማይቈጥራት የቤት ጨዋታ ናት። ትዳር በሠርግ ቀን ቃል ብቻ አይጸናም፤ እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ነገሮችም ይታሰራል።

ይሁን እንጂ ጉድለቱ አይሸሸግም። ክሎዌ ስትጠብቅ ትቀራለች፥ ፊልሙም ወደ እርስዋ አይመለስም። የአንዱ መዳን የሌላዪቱን ኀዘን ካላስቈጠረ ግብረ ገቡ ግማሽ ነው።

ፍሬዴሪክ በቀን ቤቱ ሲገባ ኤሌን ታለቅሳለች፤ ምክንያቱ ግን በግልጥ አይነገርም። ምናልባት ሁሉን ታውቅ ይሆናል፤ ምናልባትም የእርስዋ ከቀትር በኋላ ሰዓት ማንም ያልጠየቀው የብቻዋ ምስጢር ነበረው። ባልና ሚስቱን ሆነው የተጫወቱት በርናርድና ፍራንስዋዝ ቬርሌ በእውነተኛው ኑሮም ባልና ሚስት ስለ ነበሩ፥ ልቅሶው ተመልካቹን አብልጦ ይነካዋል። የመንገደኛዪቱን ልብ በክታብ ሊገዛ የተመኘው ሰው፥ በገዛ ቤቱ ያለውን ልብ ሳይመረምር መኖሩን በዚያች ሰዓት ያየዋል።