«የደም ማነስ ብርቅ ነው» ስለሚለው ድምዳሜና ስለ መንዝ ደጋ

መሐሪ ገብረ መድኅንና የሥራ ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ጥናት በርእሱ የእርግዝና ደም ማነስ በኢትዮጵያ ብርቅ መሆኑን ያውጃል። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር የኢትዮጵያውያንን ደም በምግባቸው ከሚገኘው ብዙ ብረት ጋራ አያይዘው መርምረው ነበር። ምግቡን ብቻ ሳይሆን ደሙንም መመርመራቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንጀራችን ብረት የሞላበት ስለሆነ እርጉዝ ሴት የብረት ኪኒን አያስፈልጋትም» ማለት ስሕተት ነው።

በመጀመሪያ፣ በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው የአውድማ አፈር ነው። እህሉ በከብት ሲበራይ አፈር ይቀላቀልበታል፤ የአፈሩም ብረት በላቦራቶሪ ይቆጠራል እንጂ ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። ሁለተኛም፣ ጤፍ የሚበቅለው እንደ መርሐቤቴ ዝቅ ባለው አገር ሲሆን የመንዝና የግሼ ደጋ ምግብ በይበልጥ ገብስ ነው። ሊጥ ሲቦካ ብረትን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለው ነገር ይቀንሳል፤ ቆሎና በሶ ግን አይቦኩም። ሥጋም በጾም ወራት ከማዕድ ይርቃል።

የተበላ ብረት ሁሉ ደም ውስጥ እንደማይገባ በግልጽ የሚያስረዳን በቀዶ ጥገና ውፍረት የቀነሱ ሰዎች ሁኔታ ነው። ብረት በይበልጥ የሚሰርገው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ስለሆነ፣ ምግብ ይህን ስፍራ አልፎ እንዲሄድ የተደረገላቸው ሰዎች ማዕዳቸው ሙሉ ሳለ ብረት ያንሳቸዋል። ሐኪሞች ለመከላከያ በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት በአፍ ያዝዙላቸዋል፤ ሆኖም በማዘዛቸው ብቻ አይረኩም፤ ደማቸውን እየደጋገሙ ይለካሉ፤ ኪኒኑ ካልበቃ ብረቱን በደም ሥር ይሰጣሉ። የመንዝ እርጉዝ አንጀቷ ሙሉ ቢሆንም ለእርሷም የሚያስፈልገው ይኸው ክትትል ነው።

መለካቱም ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በዚህ ከፍታ ከተገኘው ሄሞግሎቢን በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 2 ግራም ገደማ ቀንሶ ይፈርዳል፤ ስለዚህ 12 ግራም ያላት እርጉዝ ደም አንሷታል ትባላለች። ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋራ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ጥናት ግን በ3530 ሜትር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ወለል ነዋሪዎች ጋራ የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም አንሷቸዋል ማለቱ በደጋው ሊያጋንን ይችላል፤ «ብርቅ ነው» ማለትም ችግሩን ሊያሳንስ ይችላል። የተከማቸውን ብረት የሚያመለክተው ፌሪቲን አብሮ ቢለካ ፍርዱ የተሻለ ይሆናል።

በእኛ አስተያየት ለእርጉዞች በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም እንዲሰጥ የተመከረው ብረት በአንድ ጽሑፍ ርእስ ምክንያት ከመንዝ እናቶች ሊከለከል አይገባም። ኪኒኑ ከቡናና ከሻይ ተለይቶ ይዋጥ፤ ደም ያነሳት ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ትመርመር፤ ካልጨመረላትም መጠኑን ከማብዛት አስቀድሞ ምክንያቱ ይፈለግ።