ቅለት በምን ይመዘናል?
ለአሮጌ ኮምፒዩተር ስለሚመረጡት የሊኑክስ ሥርጭቶች የቀረበ ሒስ

አንድ ዕቃ ቀላል ነው ሲባል በምን ሚዛን ተመዝኖ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጤፍ ገዢ እንኳ ሚዛኑን ሳያይ ገንዘቡን አይሰጥም። ይሁን እንጂ «ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚስማማ ቀላል ሊኑክስ» እየተባለ በሚሰጠው ምክር ላይ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲነሣ አናይም። ምክሩ አምስት ወይም ዐሥር ስም ይደረድራል፤ በየስሙም ሥር «ይህን ያህል ሜጋ ባይት ብቻ ይበቃዋል» የሚል ቁጥር አኑሮ ያበቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው አስቀድሞ ያንን ቁጥር መመርመር፣ ቀጥሎም በታወቁት ሥርጭቶች ላይ ፍርዳችንን መስጠት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጉዳዩ ለጨዋታ ብቻ የሚነሣ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥገና ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራምና በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የማይገኝ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ስለዚህ አካሉ ሳይበላሽ ከአገልግሎት ውጪ የተባለው ኮምፒዩተር ብዙ ነው። ከወንድሙ የወረሰውን ላፕቶፕ ይዞ የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያዘጋጅ ተማሪ፣ ወይም ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን በስጦታ ለሚቀበል የትምህርት ክፍል፣ የሥርጭቱ ምርጫ ሥራውን የመሥራትና ያለመሥራት ጉዳይ ይሆናል።

ክርክራችን በአየር ላይ እንዳይቀር ሁለት ዓይነት ኮምፒዩተሮችን በምሳሌነት እንወስዳለን። አንደኛው ኢንቴል በ2008 ባወጣው አቶም ኤን 270 ፕሮሰሰር የተሠራው ትንሽ ላፕቶፕ ነው፤ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋ ኸርዝ፣ ራሙ ብዙውን ጊዜ 1 ጊጋ ባይት፣ አሠራሩም 32 ቢት ብቻ ነው። ሁለተኛው ከ2006 ጀምሮ በወጣው ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰር የተሠራና 2 ጊጋ ባይት ራም ያለው ኮምፒዩተር ነው፤ ይህኛው 64 ቢት መሥራት ይችላል። ሁለቱም በተለምዶ «አሮጌ» ይባላሉ፤ ነገር ግን እንደምናየው የሚገባቸው መልስ አንድ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንመለስ። የመጀመሪያው ስሕተት መለኪያው የሚወሰድበት ሰዓት ነው። አወዳዳሪዎቹ ኮምፒዩተሩን አስነሥተው፣ አንድም ፕሮግራም ሳይከፍቱ፣ የተያዘውን ራም ያነባሉ። ይህ የቤትን ስፋት እንግዳ ሳይገባ መለካት ነው። ከዚህም በላይ የሊኑክስ ከርነል ባዶ የቀረውን ራም ሥራ ፈት ሆኖ እንዲቀመጥ አይተወውም፤ ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ለሚቀጥለው ጊዜ በዚያው ያቆየዋል፤ ፕሮግራም ቦታ ሲፈልግም ወዲያው ይለቅለታል። ስለዚህ «ነጻ» ተብሎ የሚታየው ቁጥር ትንሽ መሆኑ ጭንቀትን አያመለክትም። የከርነል ሠሪዎች ይህን ግራ መጋባት ለማቃለል በ2014 በወጣው 3.14 ከርነል ውስጥ «ለሥራ ሊውል የሚችል» ራም ምን ያህል እንደ ሆነ የሚገምት ሌላ ቁጥር ጨምረዋል። ነጻ የሚለውን ትቶ ይህን ቁጥር የማያነብ ንጽጽር መሠረቱ የላላ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ብራውዘሩን መርሳት ነው። የዛሬ ተጠቃሚ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የመስኮቱን ጌጥ ሲያይ አይውልም፤ ብራውዘር ይከፍታል። አንድ ከባድ ድረ ገጽ ብቻውን በመቶ የሚቈጠር ሜጋ ባይት ሊይዝ ይችላል። ሁለት ሥርጭቶች ባዶ ሳሉ በ100 ሜጋ ባይት ቢበላለጡ፣ ሁለቱም ያንኑ ብራውዘር ሲከፍቱ ልዩነቱ ከሦስተኛው ገጽ በኋላ ዋጋው ይቀንሳል። ቅለት የተባለው ነገር ባለ 256 ሜጋ ባይት ኮምፒዩተር ላይ ወሳኝ ነው፤ ባለ 2 ጊጋ ባይቱ ላይ ግን አወዳዳሪዎቹ እንደሚሉት ትልቅ አይደለም።

ሦስተኛው ስሕተት የፕሮሰሰሩን ዓይነት አለመጠየቅ ነው፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የ32 ቢት ዘመን በሩን እየዘጋ ነው። ጉግል በ2016 ለ32 ቢት ሊኑክስ ክሮምን መስጠት አቆመ። ኡቡንቱ በ2017 በ17.10 እትሙ የ32 ቢት ዴስክቶፕ መጫኛውን ተወ። ነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ኮምፒዩተር ከርነልም ሆነ መጫኛ የለውም። በዚያው ዓመት ሞዚላ የፋየርፎክስ 144ኛው እትም ለ32 ቢት ሊኑክስ የመጨረሻው እንደሚሆን አስታወቀ። ስለዚህ ባለ አቶሙን ላፕቶፕ የያዘ ሰው ጥያቄው «የትኛው ቀላል ነው?» ሳይሆን «ለእኔ ፕሮሰሰር ማን ገና ይጠግናል?» መሆን አለበት። ለባለ ኮር 2 ዱዎው ግን ይህ ሥጋት የለበትም።

አራተኛውን ጉድለት የሚያየው በራሱ ፊደል የሚጽፍ ሕዝብ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው፤ ይሁን እንጂ መመዝገብና በስክሪን ላይ መታየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥርጭቱን ለማሳነስ ብዙ ጊዜ ከሚቀነሱት መካከል የፊደል ቅርጾች ይገኛሉ። በዚህ ጊዜ የአማርኛ ጽሑፍ የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ሆኖ ይቀርባል። ባየናቸው የንጽጽር ዝርዝሮች ይህ እንደ ሚዛን ተቈጥሮ አላገኘንም። ለእኛ ግን በአማርኛ የማይጻፍበት ቀላል ኮምፒዩተር ጎማ የሌለው ቀላል ጋሪ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሥርጭቶቹ እናልፋለን።

ሉቡንቱ በዝርዝሮች ላይ ስሙ ሳይጠራ የማይቀር ነው፤ ነገር ግን ብዙው ምስጋና ለቀድሞ ማንነቱ የተሰጠ ነው። ሥርጭቱ እስከ 18.04 ድረስ ኤል.ኤክስ.ዲ.ኢ. የተባለውን ቀላል ዴስክቶፕ ይዞ ቆየ። በ2018 በ18.10 እትሙ ወደ ኤል.ኤክስ.ኪው.ቲ. ተዛወረ፤ ሠሪዎቹም በዚያው ዓመት ዋና ዓላማቸው ከእንግዲህ አሮጌ ኮምፒዩተር እንዳልሆነ በግልጽ ተናገሩ። ከ19.04 ጀምሮም 32 ቢትን ተዉ። ሠሪው ራሱ ትቼዋለሁ ያለውን ሥራ በስሙ ማስተዋወቅ አንባቢን ማሳሳት ነው። ለባለ ኮር 2 ዱዎው መልካም ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ለባለ አቶሙ ግን በሩ ዝግ ነው።

ፐፒ ሊኑክስን በ2003 የጀመረው አውስትራሊያዊው ባሪ ካውለር ነው። ብልሃቱ ማለፊያ ነው፤ ሥርዓቱ በአንድ የታመቀ ፋይል ይቀመጣል፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ወደ ራም ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ዲስኩ ቢዘገይም ሥራው ይፈጥናል። ነገር ግን ሁለት ነቀፋ አለን። አንደኛ፣ ፋይሉን ወደ ራም መገልበጥ ራሱ ራም ይፈጃል፤ ስለዚህ ራም ባነሰ ቁጥር የሚመሰገንበት ብልሃት እየከሰመ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ተጠቃሚው እንደ ነባሩ ልማድ በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን ይሠራል። ወዳጆቹ ሥርዓቱ ሲዘጋ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ጉዳት የለውም ይላሉ። የሥርዓቱስ ፋይል ይመለስ ይሆናል፤ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ግን አይመለስም። ስለዚህ ፐፒ የተበላሸ ኮምፒዩተርን ለመመርመርና ፋይል ለማዳን ዕፁብ ነው፤ ባንክና ኢሜይል ለሚከፈትበት የዘወትር ሥራ ግን አንመክረውም።

ታይኒ ኮር በእውነት ትንሽ ነው። መሥራቹ ሮበርት ሺንግልዴከር ቀደም ሲል በ50 ሜጋ ባይት ወሰን በታወቀው በዳም ስሞል ሊኑክስ ላይ ሠርቷል። የታይኒ ኮር መሠረታዊ ክፍል 20 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ሸክሙ አልጠፋም፤ ከኮምፒዩተሩ ወርዶ በተጠቃሚው ትከሻ ላይ ተጭኗል። እያንዳንዱን ፕሮግራም ለይቶ ማምጣት የእርሱ ድርሻ ነው። የአማርኛ ፊደል ቅርጽ በእጁ ቢያስገባ እንኳ ፋይሉን ከሚጠበቁት ዝርዝር ውስጥ ካላገባው ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህን ሥርጭት ለመማሪያና አንድ የተወሰነ ሥራ ብቻ ለሚሠራ ኮምፒዩተር እናከብረዋለን፤ ለጀማሪ መስጠት ግን ዋና ለማያውቅ ጀልባ ሳይሆን ጣውላና ምስማር ማቀበል ነው።

አንቲኤክስ በዴቢያን ላይ የቆመ ሥርጭት ነው። በ2023 የወጣው 23ኛው እትም በዴቢያን 12 ላይ ተመሥርቶ በ32ም በ64ም ቢት ተዘጋጅቷል። ሲስተም ዲ የተባለውን የአገልግሎት አስተዳዳሪ ትቶ፣ በሙሉ ዴስክቶፕ ፈንታ እንደ አይስ ደብልዩ ኤም ያሉ ቀላል የመስኮት አስተዳዳሪዎችን ይጠቀማል። ሠሪዎቹ 256 ሜጋ ባይት ራም ያለውን የጥንት ፔንቲየም 3 እንኳ ስዋፕ ተዘጋጅቶለት እንደሚያሠሩ ይናገራሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን የዴቢያንን ግምጃ ቤት መውረሱ ነው፤ አቢሲኒካ የተባለውን የፊደል ቅርጽም ሆነ በአማርኛ የሚያስጽፈውን የኪቦርድ ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ማምጣት ይቻላል። ነቀፋው ምናሌው በተደራራቢ መሣሪያዎች የተጨናነቀ መሆኑ ነው፤ አዲስ ገቢ ለአንድ ሥራ ሦስት መሣሪያ አግኝቶ የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። ዕድሜውም ከመሠረቱ ዕድሜ አይበልጥም፤ የዴቢያን 12 የተራዘመ ጥገና እስከ ሰኔ 2028 ድረስ የተመደበ ነው።

ዴቢያንን ራሱን ብዙ ዝርዝሮች ይዘሉታል፤ ምክንያቱም «ቀላል» የሚል ቅጽል በስሙ ላይ የለም። ነገር ግን መጫኛው ዴስክቶፑን አስመርጦ ስለሚጭን ኤል.ኤክስ.ኪው.ቲ.ን ወይም ኤል.ኤክስ.ዲ.ኢ.ን የመረጠ ሰው ከብዙዎቹ «ቀላሎች» የማይተናነስ፣ ጥገናውም አስተማማኝ የሆነ ሥርዓት ያገኛል። ቅለት በስም የሚገኝ ሳይሆን ያልተጫነው ነገር ብዛት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መጨመር ይገባል። አንደኛው ዚራም ነው፤ ይህም የራምን ከፊል ክፍል ለታመቀ ስዋፕ የሚያውል የከርነል ብልሃት ነው። ፕሮሰሰሩ ትንሽ ይደክማል፤ ዘገምተኛው ዲስክ ግን ያርፋል። ሁለተኛው ሥርጭት ከመቀያየር ይልቅ ዕቃውን ማሻሻል ነው። ባለ ኮር 2 ዱዎው ላይ ያገለገለ ራም ጨምሮ፣ የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ. መተካት ዐሥር ሥርጭት ከመሞከር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ባለ አቶሙ ግን ከ2 ጊጋ ባይት በላይ አይቀበልም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ብዙ ወጪ ማፍሰስ አይገባም።

«እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ጡረታ ይውጣ እንጂ ለምን ትደክማላችሁ?» የሚሉ አሉ። አነጋገራቸው ከፊል እውነት አለው፤ ዴቢያንም ለ32 ቢት ባለቤቶች የሰጠው ምክር፣ ቢቻል 64 ቢት እንዲጭኑ፣ ካልሆነም ዕቃውን እንዲያሰናብቱ ነው። ነገር ግን ማሰናበት ቀላል የሚሆነው ተተኪ ላለው ሰው ነው። ተተኪ ለሌለው፣ መጽሐፍ ለማንበብ፣ ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ፕሮግራም ለመማር የሚያገለግል ኮምፒዩተር ከምንም ይሻላል። ይህን ስንል ከዐቅሙ በላይ ተስፋ ማስጨበጣችን አይደለም፤ ባለ 1 ጊጋ ባይቱ አቶም ከባድ ድረ ገጾችን በብዛት እንደማይሸከም አስቀድሞ መናገር የመካሪ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። 64 ቢት ፕሮሰሰርና 2 ጊጋ ባይት ራም ላለው፣ ዴቢያን ከቀላል ዴስክቶፕ ጋር፤ 32 ቢት ብቻና 1 ጊጋ ባይት ላለው፣ የዴቢያን 12 ዘመን እስኪያልቅ ድረስ አንቲኤክስ 23፤ ከዚያ በታች ለሆነና አንድ ሥራ ብቻ ለተመደበ፣ ታይኒ ኮር፤ ለነፍስ አድን ሥራ፣ ፐፒ። ወደፊት ንጽጽር የሚያወጡ ጓደኞቻችንም አራት ነገሮችን እንዲጽፉ እንጠይቃለን፤ የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ ብራውዘሩ ተከፍቶ ለሥራ የቀረውን ራም፣ ጥገናው የሚያበቃበትን ዓመት፣ አማርኛ የሚነበብበትና የሚጻፍበት መሆን አለመሆኑን። እነዚህ አራቱ ካልተጻፉ «ቀላል» የሚለው ቃል ማስታወቂያ እንጂ ምርምር አይሆንም።