ባዶ መሶብ፤ ስለ ስፌት ሥራ በሚጻፈው ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ኢትዮጵያ የእጅ ሥራ የታተሙትን የሥዕል መጻሕፍት የሚያገላብጥ ሰው መሶብን በየገጹ ያገኘዋል፤ እንጀራ ያለበትን መሶብ የሚያገኘው ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው። መሶቡ ተራግፎና ተወልውሎ ከነጭ ግድግዳ ፊት ለብቻው ቆሞ ይታያል። ከሥሩም ቁመቱ፣ የአፉ ስፋት፣ የቀለሙ ዐይነትና የተገዛበት ከተማ ይጻፋል። በዚህ አጻጻፍ ውስጥ ሐሰት የለም። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ይኸውም መሶብን ለማየት ብቻ እንደ ተሠራ ነገር አድርጎ መዳኘቱ፣ በዚህም ዳኝነት የሠሩትና የተገለገሉበት ሰዎች የሚያውቁትን ውበት ሳይመለከተው ማለፉ ነው።

የስፌት ሥራ የራሱ ዳኞች አሉት፤ እነርሱም የሚሰፉት ሴቶች ናቸው። ዳኝነታቸው በምን ላይ እንደ ቆመ ለመረዳት አሠራሩን ጥቂት መመልከት ያስፈልጋል። አክርማና ስንደዶ ከየመስኩ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ለጌጥ የተመደበው ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። የሣሩ እሽግ ከመካከል ተነሥቶ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ሲሄድ፣ ሰፊዋ የታችኛውን ዙር በወስፌ ትበሳና ርሶ የለሰለሰውን ስንጥቅ በቀዳዳው አሳልፋ አዲሱን ዙር ከነባሩ ጋራ ታያይዘዋለች። ማንኛውም ዙር ከቀደመው ስለሚሰፋ ሐረጉም አብሮት በቁጥር መስፋት አለበት። አንዲት ስፌት በቁጥር የተሳተች እንደ ሆነ ስሕተቱ በዚያው ዙር ላይ ጎልቶ አይታይም፤ ጥቂት ዙር ከተሄደ በኋላ ሐረጉ ሲንጋደድ ይታወቃል። ያን ጊዜ ሰፊዋ ያላት ምርጫ ወይ ፈትታ መመለስ ወይም ሐረጉን ለውጣ ስሕተቱን የንድፉ ክፍል ማድረግ ነው። ሥራውን የምታውቅ ሴት የሌላይቱን መሶብ ስትመለከት ዐይኗ አስቀድሞ የሚያርፈው በቀለሙ ላይ ሳይሆን ሐረጉ ዙሮ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የእንጀራው ጉዳይ ይመጣል። ከምጣድ የወጣ እንጀራ በሰፌድ ላይ ሆኖ ወበቁ ከወጣለት በኋላ ወደ መሶብ ይገባል። መሶቡ ከሣር የተሰፋ በመሆኑ የቀረውን እርጥበት በዝግታ ያስተነፍሰዋል። ስፌቱ የላላ ከሆነ ነፋስ ገብቶ ጠርዙን ያደርቀዋል፤ ፈጽሞ በማያስተነፍስ የላስቲክ ዕቃ ውስጥ የተዘጋ እንጀራ ደግሞ ያልበውና ፈጥኖ ይሻግታል። እንግዲህ የስፌቱ ጥብቀት የሰፊዋን ትዕግሥት የሚያሳይ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በሚቀርበው እንጀራ ላይ በአፍ የሚታወቅ ነገር ነው። ቀለሙም እንዲሁ ነው። ከገበያ በተገዛ ዱቄት የተነከረ አለላ ቀለሙ ሳይጸና ከቀረ በእንጀራው ወበቅ ይለቅና እንጀራውን ያቀልመዋል። ስለዚህ የሥዕሉ መጽሐፍ ከሁሉ አብልጦ የሚያደንቀው ደማቅ መሶብ በጋጋሪይቱ ዳኝነት ከሁሉ የሚያንስ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዳኞች በአንድ ዕቃ ላይ ተቃራኒ ፍርድ ሲሰጡ የአንደኛውን ብቻ መዝግቦ መሄድ ሳይንስ ሊባል አይገባውም።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ክርክር ውስጥ ምስክር ነው። ያማረውን መሶብ ሰው መሶበ ወርቅ ብሎ ይጠራዋል። ይህ ቃል ከግዕዙ መጽሐፍ የመጣ ሲሆን በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 9 ቁጥር 4 ላይ በታቦቱ ዘንድ የነበረውን የመና ማኖሪያ ያመለክታል፤ የቤተ ክርስቲያን ደራስያንም እመቤታችንን በዚሁ ዕቃ መስለው ያመሰግኗታል። ምስጋናው ግን ስለ ወርቁ አይደለም። መሶበ ወርቅ የከበረው መናው በውስጡ ስላለ ነው፤ መናው የወጣ እንደ ሆነ ምሳሌው ይፈርሳል። የቆየው የሀገሩ ሊቅ ዕቃውን ከያዘው ነገር ሳይለይ አስቦት ሳለ የዛሬው ጸሐፊ ባዶውን ብቻ ማየቱ ያስገርማል።

የውጭ አገር ትምህርት የተማሩ ወገኖች ለዚህ ጉድለት መፍትሔ ብለው የሚያመጡት የማርሴል ሞስን ድርሰት ነው። ሞስ በ1925 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ የስጦታ ጥናቱ፣ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ ሦስት የተያያዙ ግዴታዎች መሆናቸውን በፖሊኔዥያ፣ በሜላኔዥያና በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ሕዝቦች ልማድ አስረድቷል። ለእኛም ሀገር የሚስማማ ብዙ ነገር አለው። ለወለደች ጎረቤት ገንፎ ወይም ዶሮ ወጥ በዕቃ ይላክላታል፤ በብዙ ቤት ያ ዕቃ ባዶውን ቢመለስ ነውር ነውና ጥቂት ቆሎም ቢሆን ተደርጎበት ይመለሳል። ነገር ግን ይህ ንድፈ ሐሳብ በተማሪ እጅ ሲገባ ሁሉን ነገር ዕዳና ብድር ያደርገዋል። የጥናት ወረቀቶቹ ማን ለማን ስንት ጊዜ እንደ ላከ ይቈጥራሉ፤ ላኪይቱ ወጡ ሲቀመስ ለማየት ቁጭ ብላ መቆየቷን፣ የአራሷም ፊት ሲፈታ መደሰቷን አይጽፉም። ጉርሻን ማንሳት ይበቃል። በገዛ እጅ ተጠቅልሎ በሰው አፍ የሚገባ ስጦታ ነው፤ ተቀባዩ አጸፋውን በዚያው ማዕድ ሊመልስ ይችላል፤ ሆኖም «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እየተባለ ሁለተኛው የሚጨመረው ሒሳብ ለማመዛዘን አይደለም። ደስታ በዚህ ውስጥ ትርፍ ነገር ሳይሆን ዋናው ጉዳይ ነው፤ ደስታን ለመመዝገብ የሚከብድ ቢሆን እንኳ የማይመዘገብ ነው ብሎ መተው ስንፍና ይሆናል።

ለዚህ ስንፍና አንድ ምክንያት አለ። የሚበላው ያልቃል፤ የማይበላው በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ለሚጨፍሩት ልጆች በየደጁ የሚሰጠው ሙልሙል በቤት ተቦክቶ በቤት የተጋገረ፣ በእጅ የተድቦለቦለ የእጅ ሥራ ነው፤ የክርስትና እናትና አባትም ለልጃቸው ለብቻው አዘጋጅተው ይሰጡታል። ጅራፉ በሙዚየም ሊሰቀል ይችላል፤ ሙልሙሉ ግን አይሰቀልም። በከተማ ብዙ ሰው በሙልሙሉ ፈንታ ገንዘብ መስጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ ለማን ምን ያህል መጠን ያለው እንደሚጋገር የሚያውቁት እናቶች ዕውቀት ያለ ምንም ጽሕፈት እየተረሳ ነው። ጥናታችን ዕቃ ዕቃውን ሲሰበስብ የኖረው ዕቃው የበለጠ ስለ ተናገረ ሳይሆን የበለጠ ስለ ቆየ ነው።

እስካሁን የተባለውን ሁሉ የሚቃወም የሚመስል አንድ ማስረጃ አለ፤ እርሱም ሐረር ነው። በሐረር ቤት ቅርጫትና ሰፌድ ከግድግዳ ላይ መሰቀሉ ለቱሪስት ተብሎ የተጀመረ አይደለም፤ ግድግዳው የተገባ ቦታቸው ነው። ታዲያ ባዶ ሆኖ መታየት በዚያ ልማድ ከሆነ በሌላው ሀገር ለምን ይነቀፋል? መልሱ የሐረሩ ግድግዳ የሙዚየም ግድግዳ አለመሆኑ ነው። የተሰቀሉት በሥርዐት ነው፤ ብዙዎቹ በሠርግ ጊዜ የመጡ ናቸው፤ እንግዳይቱም ገብታ ስትቀመጥ ማን ለማን እንደ ሠራው ታነበዋለች፤ ድግስ ሲሆንም ወርደው ያገለግላሉ። ኤሊዛቤት ዶሮቴያ ሄክት በ1992 እ.ኤ.አ. ስለ ሐረር የስፌት ሥራ ያሳተሙት ጥናት ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ የዕቃዎቹን ስም፣ አሠራርና አገልግሎት አንዱን ከሌላው ሳይነጥል ይዞታልና። ስለ መሶብ፣ ስለ ሌማት፣ ስለ አገልግልና ስለ ሙዳይ በዚህ ስፋት የተጻፈ መጽሐፍ ለመላው ደጋው ሀገር ቢገኝ ይህ ሂስ ባላስፈለገ ነበር።

በገበያ መሶብ ፈልጎ የሚገዛውን ሰው ግን መናቅ አይገባም። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና ሱቆች ወይም በመርካቶ ሲዞር ውሎ አንድ አሮጌ አገልግል ያገኘ ሰው የሚሰማው ደስታ እውነተኛ ነው፤ ቆዳው በእጅ ብዛት መለስለሱን ሲዳስስ የማያውቀውን መንገደኛ ስንቅ ይዳስሳል። ነቀፌታው የሚመጣው ገዢው የወደደውን የሠሪይቱ ዐላማ አድርጎ ሲጽፈው ነው። አዲሱ ገበያም አዲስ መሶብ አምጥቷል፤ ከሱፍ ክርና ከሚያብረቀርቅ ላስቲክ እየተሰፋ እንጀራ ሳይነካው ከሳሎን የሚቀመጥ። ይህን «የተበላሸ ባህል» እያሉ ማዘን የአንዳንድ ጸሐፊዎች ልማድ ሆኗል፤ የእናቶቻችን እጅ፣ የጥንቱ ጣዕም እያሉ ያለቅሳሉ፤ ወስፌ እንዴት እንደሚያዝ ግን አንድ መስመር አይጽፉም። ይህ ልቅሶ ከሥዕሉ መጽሐፍ የባሰ ነው፤ መጽሐፉ ቢያንስ ቁመቱን ለክቶ አስቀምጧል። ሰፊይቱ በላስቲክ ብትሰፋም ሐረጉን በቁጥር ነው የምትይዘው፤ ይህ የቁጥር ዕውቀት ከሣር ወደ ላስቲክ እንዴት እንደ ተሻገረ መጠየቅ ከልቅሶው የበለጠ ፍሬ አለው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች መሶብ እንደ ጠረጴዛ ሆኖ ይቀርባል፤ ከሀገር ቤት የሚሄደውም መንገደኛ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ተጭኖ ይሄዳል። ሻንጣው በዚያ ሰዓት የአገልግልን ሥራ እየሠራ መሆኑን የጻፈ አጥኚ ካለ ሥራው በሰፊው ሊታወቅ ይገባዋል።

በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሙዚየሙ ዕቃዎችን በዐይነታቸው ከመደርደር ይልቅ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ማቅረቡ በዚህ ረገድ ትልቅ ርምጃ ነበር። የሚቀረው ወደ አንዱ ዕቃ መዝገብ መውረድ ነው። የዕቃ መዝገብ «ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ጠርዙ ተበልቶ በሌላ ቀለም ሣር የተጠገነውን መሶብ «ጉዳት የደረሰበት» ብሎ ይጽፈዋል። ጥገናው ግን የስፌት ሥራ ነው፤ እጁም ከመጀመሪያው ሰፊ እጅ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት የልጅ ወይም የምራት። በዓምዱ ውስጥ መጻፍ ያለበት ማን እንደ ጠገነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንደ ተጠገነና ከጥገናው ወዲህ እንጀራ ገብቶበት እንደ ሆነ ነው።